16ቱ ፑንተሪያዎች

ልጄ ትምህርቱን አቋርጦ አሮጌ የስፖርት መኪና የገዛ ዕለት በመካከላችን የነበረው ወሬም አብሮ ተቋረጠ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ያሳደግሁት እንዲመረቅልኝ እንጂ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራች ማዝዳ ሚያታ እንዲገዛ አልነበረም። አራት ወር ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲያስነሳት "ታክ ታክ ታክ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁና፣ "ፑንተሪያ ነው" አልኩት። አልገባውም። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያን የወረስነውን ቃል እሱ የሚያውቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጣቴን መዳፌ ላይ እያንኳኳሁ አሳየሁት።

ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፤ የቀድሞው ባለቤት ዘይት በወቅቱ አልቀየረም። የዚህ ሞተር ፑንተሪያ በዘይት ግፊት እየተሞላ በካሙና በቫልቩ መካከል ክፍተት እንዳይኖር ያደርጋል። ቀጭኗ ቀዳዳ በዝቃጭ ስትደፈን ዘይት አይገባም፤ ክፍተት ይፈጠርና ይንኳኳል። መጀመሪያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየርን፤ ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል። ሳምንት ነድቷትም ድምፁ አልጠፋም።

ስለዚህ ከፈትናት። የቺንጋውን ምልክት በቀለም አስምረን፣ የካምሻፍቶቹን ቡሎኖች በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላን አወጣን። 16ቱ ፑንተሪያዎች ወደየቦታቸው እንዲመለሱ ቁጥር በጻፍንበት የእንቁላል ካርቶን ደረደርናቸው። ፈታትተን በነጭ ጋዝ አጠብናቸው፤ ከዚያም ንጹሕ ዘይት ውስጥ ነክረን አየሩ እስኪወጣ ተጫንናቸው። በጣት ሲጫኑት አልገባም ካለ ሞልቷል ማለት ነው።

ዘጠነኛውን እያጠበ፣ "አባዬ፣ ይህን ሥራ ለምን ተውከው?" አለኝ በእንግሊዝኛው።

"አንተ እንድትማር" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና እውነቱን ነገርኩት። እዚህ ስመጣ የዕቃዎቹን ስም ባለማወቄ አፍሬ ነው ጋራዥ ያልገባሁት። ሥራውንስ እወደው ነበር።

"እኔም እወደዋለሁ" አለ፣ በአማርኛ።

ከገጠምን በኋላ ጥቂት ጠበቅን፤ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙረን ምልክቶቹን አረጋገጥንና አስነሳት። ትንሽ ተንኳኳች። ከዚያ ዝም አለች።

ባለቤቴ ካርቶኗን ፍለጋ ወጥታ ሁለታችንም በዘይት ተጨማልቀን ስታገኘን ምንም አልተናገረችም፤ ሦስት ሲኒ ይዛ ተመለሰች። ስለ ትምህርቱ ገና አልተስማማንም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ፍሬኗን ልናይ ተቀጣጥረናል።