በጉለሌ ዳገት ላይ አራት ሰከንድ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ በመኪና ብቻ የሚያውቀው ሰው ዳገት መሆኑን እምብዛም ልብ አይለውም። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ነገር የለም። ይህንኑ መንገድ በእግሩ የሚሮጥበት ሰው ግን እያንዳንዱን ክንድ መሬት ለይቶ ያውቀዋል።

መንገዱ የየካቲት 12ን ሐውልትና የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ትቶ ሽቅብ ይጓዝና የአሜሪካንን ኤምባሲ አልፎ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ነው፤ ነጠላው፣ ጋቢውና የጥበብ ቀሚሱ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ሲታይ ሠፈሩ ዘወትር የበዓል ዋዜማ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፉ እየበዛ፣ መንገዱም እየተጠማዘዘ ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። አገሩ ጉለሌ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ይኖር ከነበረው የጉለሌ ኦሮሞ ጎሣ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ራስ ላይ አድርገው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ተራራው ብርድ የሚበዛበት፣ ማገዶም የሚያጥርበት ስለ ሆነ ቤተ መንግሥቱና ሕዝቡ በፍልውሃ አጠገብ ወደ ተቆረቆረችው ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። የዛሬ ሯጮች ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ጥሎት ወደ ወረደው ብርድ በየማለዳው ይወጣሉ። ገና ሳይነጋ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ኪዳን ከሚሄዱት አረጋውያን ጋር በመንገድ ይተላለፋሉ።

ሯጮቹን ወደዚያ የሚስባቸው አየሩ ነው። የአዲስ አበባ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ሲሆን የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ መቶ ነው ብንል በከተማይቱ ሰባ አምስት፣ በተራራው ራስ ላይ ሰባ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሯጩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት በእንዲህ ያለ አየር ብዙ ሲቆይ ኦክሲጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል፤ ወደ ቆላ ወርዶ ሲሮጥም ያ ትርፍ ይጠቅመዋል። በዳገቱ ላይ ሳለ ግን ጉድለቱ ጉድለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ እሑድ ጧት የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ሮጥሁ። ሩጫው ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ ከሽሮ ሜዳ ጥቂት ከፍ ብሎ ይዞርና ወደ መነሻው ይመለሳል። ተወዳዳሪዎቹ ሽልማት የምንጠብቅ አልነበርንም፤ ተማሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ ሁለት አስተማሪዎችና አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ነበርን። እኔ የምወዳደረው ከራሴ ጋር ነበር። ባለፈው ዓመት በሐዋሳ፣ በሐይቁ አጠገብ ባለ ሜዳማ መንገድ ይህንኑ ርቀት በ21 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጨርሼ ነበርና ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለኝም።

የመጀመሪያው ግማሽ ሽቅብ ነው። በኤምባሲው አጥር በኩል ስናልፍ ወሬው ሁሉ ቆመ፤ የሚሰማው የጫማ ድምፅና ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ባለ ሱቆቹ ገና መዝጊያቸውን ይከፍቱ ነበር። ጋቢ የደረቡ አንዲት እናት ከደጃፍ ቆመው «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ደርሰሃል!» አሉኝ። አልደረስሁም ነበር፤ ቢሆንም ቃላቸው ሃምሳ እርምጃ ያህል አስኬደኝ። መዞሪያው ላይ ሰዓቴን ብመለከት 12 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሆኖአል።

ቁልቁለቱ ዕረፍት ይመስላል እንጂ ዕረፍት አይደለም። ጉልበት ይመታል፣ ጭን ያቃጥላል፤ ዳገቱ የወሰደውንም ጊዜ በሙሉ አይመልስም። ከኤምባሲው በታች ሁለት የጭነት አህዮች መንገድ ሲያቋርጡ በጎን አለፍኋቸው። የመጨረሻውን ሦስት መቶ ሜትር በቀረኝ ኃይል ሁሉ ሮጥሁ። ሰዓት የያዘው ጓደኛዬ ያነበበልኝ ግን 21 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ነበር።

አራት ሰከንድ ማለት አንድ ጸሐፊ ስሙን ከነአባቱ ፈርሞ ብዕሩን እስኪያስቀምጥ ያለ ጊዜ ነው። ከሩጫው በኋላ ሻይና ቦምቦሊኖ ይዘን ስንቀመጥ ስለዚህችው አራት ሰከንድ ክርክር ተነሣ። አንዱ «አህዮቹ ናቸው» አለ። ሌላው ጫማዬን ነቀፈ። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ «ለመሆኑ ሐዋሳና ጉለሌ አንድ ናቸው ወይ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ክርክሩን ሁሉ ዘጋው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። በጉለሌ ዳገት ከዚያ ሰዓት በአራት ሰከንድ ብቻ የዘገየ ሰው፣ እግሩ ከአምናው ይልቅ በርትቶአል እንጂ አልደከመም።

ይህ ለእንደኔ ያለው ሯጭ ማጽናኛ ብቻ እንዳይመስል የታላላቆቹን ሰዓት እንመልከት። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። እርሱው በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. በዶሃ፣ በባሕር ጠረፍ፣ 10 ኪሎ ሜትር በ27 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። በ2001 ዓ.ም. የቦስተንን ማራቶን ያሸነፈው ደሪባ መርጋ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን ታላቅ ሩጫ በ28 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ አሸነፈ። ሰዎቹ ሁለት መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ቢሆንም የዚያን አንድ ደቂቃ ከዐሥራ ስድስት ሰከንድ ልዩነት ደኅና ድርሻ የወሰደው የከተማይቱ አየርና ዳገት መሆኑን ሯጮች ሁሉ ያውቃሉ።

ዳግመኛ ሌላውን ወገን እንይ። እንጦጦን የልምምድ ቦታው ያደረገው ኃይሌ በመስከረም 2000 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አደረገ። በጥር ወር ያንኑ ሰዓት ሊያሻሽል ወደ ዱባይ ሄዶ ውድድሩን ሲያሸንፍ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሆነ። በሃያ ሰባት ሰከንድ ሳተው ማለት ነው። ዱባይ ሜዳ ነው፤ ከባሕርም አጠገብ ነው፤ በዳገት የሚመካኝበት አልነበረም። ያ ሰዓት በዚያን ጊዜ በዓለም ከተመዘገቡት የማራቶን ሰዓቶች ሁሉ ሁለተኛው ፈጣን ነበር፤ ኃይሌን የቀደመው የገዛ ራሱ የበርሊን ሰዓት ብቻ ነው። በመስከረም 2001 ዓ.ም. ተመልሶ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ።

የመሥሪያ ቤት ሰውና ተማሪ ይህን ነገር በቅርብ ያውቁታል። በዓመቱ የሥራ አፈጻጸም መሙያ ቅጽ ላይ ውጤት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ዳገቱ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። መንገድና መብራት ባልደረሰበት ወረዳ የሚያገለግለውና በዋናው መሥሪያ ቤት የሚያገለግለው በአንድ ቅጽ ይመዘናሉ። በኩራዝ ያጠናውና በኤሌክትሪክ ያጠናው በአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። እንግዲህ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው «የት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ቁጥሩ ያነሰበት ሰው ደግሞ ዳገቱን ይቁጠር፤ ነገር ግን ዳገቱ 44ን 40 አያደርግለትምና ጫማውን አይስቀል።

መንገዱን ሊሞክር የሚወድ አንባቢ ተሽከርካሪ ሳይበዛ እሑድ ማለዳ ይነሣ። ጀማሪ ከሆነ እስከ ሽሮ ሜዳ በእርምጃ ወጥቶ ሲመለስ ይሩጥ። አስፋልት የሰለቸው ከፍ ብሎ በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ እንጦጦ ፓርክ ይዝለቅ፤ በዚያ በዛፎች መካከል የሚሄድበት መንገድ ያገኛል። ቤቱ ሲገባ ሰዓቱን በማስታወሻው ላይ ይጻፍ፤ ከጎኑም «ጉለሌ» የሚለውን ቃል መጨመር አይርሳ።