ዘጠኝ ደቂቃ የሻደይ

ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ቆርጦ ማሳጠርና መቀጠል ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ላይ ያዘጋጀው ፊልም፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ በየመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ ገብቶበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። መቀሱን የያዙት ሰዎች ምኑን ከምኑ ጎን እንደሚያኖሩ፣ ስለ ምንም እንደሚያኖሩ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡትን ቢቢሲ አሰራጨ። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከዋግ ቀዬውን ጥሎ ወደ ኮረም የተሰደደው ሕዝብ በዓለም ፊት የታየው በዚያች ሰባት ደቂቃ ነበር። እህል አስመጥታለች፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ከረሃቡ በፊት ያረሰውን፣ የዘፈነውን፣ የተሟገተውን ሰው ለማሳየት ጊዜ አልነበራትም።

ዛሬ መቀሱ ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል። መዳፍ በምታህል የተንቀሳቃሽ ስልክ ገጽ ላይ የአንድ ሰዓት ፊልም መመልከት ዐይን ያደክማል፤ የኢንተርኔቱም ሒሳብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የማሳጠሩ ፍላጎት ተገቢ ነው። በሴኮንድ 25 ምስል ቢታሰብ በአንድ ሰዓት 90,000 ምስል ይገኛል። መሣሪያው የአንዱን ምስል የቀለም ስብጥር ከተከታዩ ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ በድንገት ሲሰፋ ትዕይንቱ እንደ ተለወጠ ይቆጥራል። ተመሳሳዮቹን በየወገናቸው ሰብስቦ ከየወገኑ ወኪል ይመርጣል። እንቅስቃሴ የበዛበትን፣ ድምፅ የጎላበትን፣ የሰው ፊት የቀረበበትን ያስቀድማል። አዳዲሶቹ ስልቶች ደግሞ ከሰዎች ምርጫ ይማራሉ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በዙሪክ ተመራማሪዎች የቀረበው አንድ የታወቀ የናሙና ስብስብ 25 አጫጭር ፊልሞች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱን ቢያንስ 15 ሰዎች አሳጥረውታል። የሰዎቹም ምርጫ እርስ በርሱ ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። ምን ይደንቃል? በዚህ ሙያ ማጠቃለያው ከሙሉው ፊልም ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ የተለመደ ነው።

እንግዲህ በሰቆጣ ነሐሴ 16 የሚጀመረው የሻደይ በዓል አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀርጾ ለዚህ መሣሪያ ቢሰጥ የሚተርፈው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ከበሮው ይተርፋል፤ የልጃገረዶቹ ጭፈራ፣ በወገባቸው ላይ የሚወዛወዘው ለምለም ሣር፣ የቀሚሳቸው ጥልፍ ይተርፋል። በኽምጣኛ የሚባለው ግጥም ግን ቋንቋውን ላልተማረ መሣሪያ ጩኸት እንጂ ቃል አይደለም፤ ከመካከሉ ቢቆረጥ አይታወቀውም። ለምን ቆረጥኸው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የቀለምና የድምፅ ልዩነት ነው፤ የ1967ቱ ቆራጮች እንዲህ ያለ መልስ ሊሰጡ ባልቻሉ ነበር።

በቀረው 51 ደቂቃ ውስጥ ሣሩ ሲታጨድና ሲታሰር፣ ልጃገረዶቹ ደጃፍ ቆመው ሲጠብቁ፣ አባወራው ቀስ ብሎ ወጥቶ ስጦታውን ሲሰጥ፣ እነሱም ዝቅ ባለ ድምፅ ሲመርቁት ይታያል።