ጤና አዳምና እጄ

መቼም ጤና አዳምን በስሙ ብቻ ማን ይጠረጥረዋል? እኔም አልጠረጠርኩም። ባለፈው ሐምሌ እዚሁ ዋሽንግተን፣ በረንዳዬ ላይ በሸክላ ያበቀልኩትን በጠራራ ፀሐይ በባዶ እጄ ስከረክም አረፈድኩ። በማግሥቱ እጄ ቀላ፤ በሦስተኛው ቀን የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ውሃ ቋጠረ። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ተክል ነክተው ነበር?» የሚል ሆነ።

ለካስ በቅጠሉ ጭማቂ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ አርፈው ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ እሳት ይለበልባሉ።

ቅጠሉን ቡና ውስጥ ጣል ማድረግ፣ ፍሬውን ከበርበሬ ጋር ማስፈጨት፣ ለሆድ ቁርጠት አፍልቶ መጠጣት፤ ሁሉንም ከእናቴ ነው ያየሁት። ለእርጉዝ ሴት ግን ማሕፀን ያኮማትራል ብላ ትከለክል ነበር። ስንቱን ባለሥልጣን በጥያቄ ያፋጠጥኩ ጋዜጠኛ፣ እሷን «ለምን?» ብዬ ሳልጠይቅ የአሮጊት ወግ ነው ብዬ ናቅሁት። ዛሬ የመድኃኒት ዕፀዋት መጻሕፍትም ይህንኑ ያስጠነቅቃሉ።

ባለፈው እሑድ የስድስት ወር እርጉዝ እህቴ ቅጠሉን ሲኒዋ ውስጥ ልትነክር ስትል፣ በጠቆረው እጄ እጇን ያዝኳት።

«ምነው ወንድም ጋሼ፣ የእማዬ መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ነው እንጂ» አልኳት። «እማዬ ብትኖር ግን ዛሬ ላንቺ አትሰጥሽም ነበር።»