ጠጕርን ከመቈረጥ በፊት ራስን ስለ መመልከት

በዛሬ ጊዜ ጠጕርን አሳጥሮ መቈረጥ የወጣት ሴቶች ወግ ሆኗል። ሥዕሉም በስልክ እየታየ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ደጋው እስከ መዘዞ ይደርሳል። ሽማግሌዎች ነገሩን ነውር ነው ሲሉ፥ ወጣቶች ደግሞ ሥልጣኔ ነው ይላሉ። እኛ ግን ነውርም ሥልጣኔም ሳንለው፥ ለማንና በምን ጊዜ እንደሚስማማ ልንመረምር ወደድን።

በአገራችን ጠጕር ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የሰውን ኑሮ ይናገራል። በብዙ ስፍራ ሕፃን በቍንጮ፥ ልጃገረድ በሳዱላ፥ ያገባች ሴትም በሹሩባዋ ትታወቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሹሩባ ይሠሩ ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ጠጕራቸው በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የኖሩት አርበኞች ያሳደጉት ጎፈሬም አልገዛም ባይነታቸውን ይመሰክር ነበር። ሐዘን የደረሰባት ሴት ደግሞ ጠጕሯን ትላጭ ነበር። ስለዚህ አንዲት ሴት ድንገት ጠጕሯን አሳጥራ ብትታይ፥ በመዘዞ ያሉ አረጋውያን አስቀድመው የሚጠይቁት «አማረባት ወይ?» ብለው ሳይሆን «ማን ሞተባት?» ብለው ነው።

የእኅታችን ልጅ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ነገር ልታማክረን መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ አጥብቃ የምትሠራው ሹሩባ የግንባሯን ዳር አሣሥቶት ነበርና፥ አጭር ቍርጥ ሥሩን ያሳርፍላት ነበር። ነገር ግን አያቷ፥ ማለት እናታችን፥ በጠና ታመው ተኝተው ነበር። መንደሩ «ሳይሞቱ አለቀሰችባቸው» እንዳይላት ፈራች። እኛም «መቀስ ሳይነካሽ አስቀድመሽ ለእማማ ንገሪ» አልናት።

እናታችን ነገሩን ሰምተው ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም ልጅቱን ወደ አልጋቸው አስጠግተው የሣሣውን ስፍራ በጣታቸው ዳሰሱና፥ «ይህን የምጎነጕነው እኔ ነበርሁ። ሂጂ ተቈረጪ፤ ማን ሞተብሽ ላለሽም፥ አያቴ በሕይወቷ ፈቅዳልኛለች በዪው» አሏት። ልጅቱም ተቈረጠች፤ ጠያቂ በመጣ ቍጥር መልሱን ከመኝታቸው ሆነው የሚሰጡት እናታችን ነበሩ።

እንግዲህ መቈረጥ የምታስብ ሴት የሌላይቱን ሥዕል ትታ የራሷን ራስ ትመርምር። ጠጕሯን ወደ ኋላ ሰብስባ በሻሽ አጥብቃ ትሰር፤ ፊቷንና አንገቷንም ከፊትና ከጎን በመስተዋት ትይ። ፊቷ ረዘም ያለ እንደ ሆነ ከላይ ብዙ ማስቀረት ይበልጥ ያስረዝመዋል፤ ክብ እንደ ሆነ ግን ጎኑን አሳጥሮ ከላይ ጥቂት ከፍ ማድረግ ይስማማል። የተጠቀለለ ጠጕር ርጥብ ሳለ ይረዝማል፥ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ቈራጩ ከታሰበው አተርፎ ይቍረጥ። ጠጕር በወር የሚያድገው 1 ሳንቲሜትር ያህል ነውና፥ 20 ሳንቲሜትር ያስቈረጠች ሴት እርሱን ለመመለስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ትጠብቃለች። የደጋውም ብርድ አይረሳ፤ ለአጭር ጠጕር ወፍራም ሻሽ ያስፈልገዋል።

በመዘዞ አካባቢ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ይወጣል። ብዙው ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ፥ አስተዋይ ጠራቢ ጠባዩን ሳያይ መሣሪያ አያሳርፍበትም። ለልጆቻችን ራስ የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ ሊያንስ አይገባም። ወላጆችም ልጃቸው ስታማክራቸው ከመቈጣት በፊት ምክንያቷን ይጠይቁ፤ ልጅቱም ቤተ ሰቧ በሐዘን ወይም በሕመም ላይ እንደ ሆነ አስቀድማ ትንገራቸው። ይህ ከተፈጸመ በኋላ መቀሱን ማንሣትም ሆነ ማስቀመጥ የእርሷ ፈቃድ ነው።