በቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ክኒን

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። የፓስተር ሚስት ስለ ሌላው ችግር መናገር ይቀልላታል፤ ስለ ራሷ ሲሆን ግን አፏ ይታሰራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወገብ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝና ለሕመሙ ማስታገሻ ትራማዶል ለአሥር ቀን ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ ረዳኝ፤ ጌታንም አመሰገንኩ። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ግን ያለ ክኒኑ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማዘዣ ሳይጠይቅ የሚሸጥልኝ መድኃኒት ቤት አገኘሁ። አንዱ ክኒን ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። እሑድ ለእኅቶች እየጸለይኩ በልቤ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን አለቀብኝ። ላብ አጠመቀኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ ሆዴን ቆረጠኝ። ለባለቤቴ "ጉንፋን ነው" አልኩት። ማታ ባዶ ማሸጊያዎቹን ከፍራሹ ሥር አገኛቸው። አልተቆጣኝም። "ለሰው ሁሉ ስሮጥ የአንቺን ሳላይ ቀረሁ" ብሎ አብሮኝ አለቀሰ። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ትራማዶል ከሞርፊን ወገን እንደሆነ ያን ቀን ተረዳሁ። ሰውነት ሲለምደው፣ ያንኑ እፎይታ ለማግኘት መጠኑን መጨመር ያስፈልጋል። ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፤ ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ሲወሰድ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። በአሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ80,000 በላይ ሰዎች ከዚህ ወገን በሆኑ መድኃኒቶችና ዕፆች ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደለው በሕገ ወጥ መንገድ የሚመረተው ፌንታኒል ነው።

ሐኪሙ በአንድ ጊዜ አላስቆሙኝም፤ መጠኑን በየሳምንቱ ቀስ በቀስ ቀነሱልኝ። እኛም በየማታው እንጸልይ ነበር። ወንጌል ጸሐፊው ሉቃስም ሐኪም ነበርና ጸሎትንና ሕክምናን አላጣላናቸውም።

ወገኖቼ፣ ማስታገሻ ጠላት አይደለም። በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ነገር ግን ከታዘዘላችሁ መጠንና ቀን አትለፉ፤ የተረፈውንም "አሞኛል" ላለ ጎረቤት አታካፍሉ። መደበቅ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ፤ በራሳችሁ በድንገት ከማቆም ይልቅ ሐኪም አማክሩ። በጉባኤ መካከልም አንድ ወንድም ወይም እኅት እንዲህ ያለውን ሲነግራችሁ "እምነት ጎድሎት ነው" አትበሉ። እኔን ለወራት ዝም ያሰኘኝ ይህን ቃል መፍራቴ ነበር።

ዛሬ ባለቤቴ ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን ሲከፍት አልደነግጥም። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።