ከድሬ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ስልካችሁን ብትጠይቁት መልሱ ቀላል ነው። ከድሬዳዋ ቦሌ በቀጥታ መስመር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቦሌ ዋሽንግተን ደግሞ 11,500 የሚሆን። ደምሩት፣ ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሉት፣ አለቀ። ልጁን አሜሪካ የላከ የድሬ ወላጅ ግን ሂሳቡን እንዲህ አይሰራውም።

አጭሩን መንገድ እንይ። የድሮው ባቡር ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለመግባት 473 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። መኪና በደንገጎ ወጥቶ፣ በቁልቢና በጭሮ አድርጎ 500 ያልፋል። አውሮፕላን ተራራውን ሁሉ ከላይ ይሻገረዋል። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ በወረቀት ቢሰላ ግማሽ ሰዓት ይበቃው ነበር። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ መንደርደር አለ፣ መውጣት አለ፣ መውረድ አለ። ፍተሻውንና ጥበቃውን እናንተ ጨምሩበት።

የረጅሙ መንገድ ነገር ደግሞ ይገርማል፤ መሄጃውና መምጫው እኩል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ከዋሽንግተን ሲመጣ ግን መነሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ በ13 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ለቅሶ የሚመጣ ልጅ ከሚመለሰው ይልቅ ይፈጥናል ማለት ነው።

ይፈጥናል እንጂ አይደርስም። አባት ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አረፉ እንበል። ዋሽንግተን ገና ቀትር ማለፉ ነው፤ የረፋዱ በረራ ግን ሄዷል። ቀብሩ ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ነው። የማክሰኞው አውሮፕላን ሲነሳ ድሬ ላይ መሽቷል፣ አባትም አፈር ለብሰዋል። ሟቹ ሙስሊም ከሆኑማ ቀብሩ ስለማይዘገይ ሂሳቡም አይጀመርም።

ይህ ሁሉ ታዲያ ልጁ ወዲያው ሰምቶ ከሆነ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፤ ዘመድ ጓደኛ ይፈለጋል፣ ሰው ተሰብስቦ ሌሊት ላይ ቤቱ ይኬዳል። ሬሳው ሳይወጣ መስማት መብቱ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነትም አላቸው። ግን ብቻውን በባዕድ አገር፣ ታክሲ እየነዳ ወይም ፈረቃ ላይ ቆሞ እንዲሰማ ማድረግስ? ደግነቱ የድሮው ሰው ይህን የሚያቆይበት ጊዜ ነበረው። ዛሬ ቤተሰቡ ማን ይንገረው እያለ ሲመክር፣ አንዱ የሻማ ፎቶ ከነስማቸው ፌስቡክ ላይ ለጥፏል።

እንደ ምንም ትኬት ያገኘ ልጅ ረቡዕ ጠዋት ቦሌ ይገባል። ሻንጣውን ይዞ ወደ አገር ውስጥ በረራው ይሻገርና የድሬውን ይጠብቃል። ድሬ ሲወርድ ያ የታወቀ ሙቀት በሩ ላይ ይቀበለዋል፤ ውጭ የአክስት ልጆች ቆመዋል። ድንኳኑ አልፈረሰም፤ ለሣልስቱ ደርሷል።