በቸኮላታ ሠፈር የዋለ ጾመኛ

ልጄን ልጠይቅ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቼ ወደ እንግሊዝ አገር በተሻገርሁበት በጾመ ፍልሰታ፣ ከነቤተ ሰቧ ቦርንቪል ወደሚባለው የቸኮላታ ሠፈር ወሰደችኝ። ካድበሪዎች ፋብሪካቸውን በዚያ ያቆሙት በ1879፣ የጎብኚው አዳራሽ የተከፈተው በ1990 ነው፤ ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። መራራው የካካዎ ፍሬ በስኳርና በወተት ተለዝቦ እንደሚጣፍጥ በዚያ ተረዳሁ።

የልጅ ልጄም ድርሻውን ገምሶ «አባባ፣ እንኩ» አለኝ። ወተት እንዳለበት አውቃለሁ፤ የተዘረጋውን እጅ መመለስ ግን ከበደኝና ተቀብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ሕፃኑ ነገሩን ከእናቱ ጠይቆ ተረዳ፤ የራሱንም ግማሽ ወደ ኪሱ መልሶ «ጾሙ ሲፈታ አብረን እንበላለን» አለ።

ማታ ቋጠሮዬን ብፈታው የእኔው ድርሻ እንደ ሰም ቀልጦ ነበር፤ ወርቁ ግን ቀረልኝ።